«500 ሊትር» የተባለው ገንዳ የያዘው 18 ጀሪካን ነው

ዱባይ ውስጥ ያገለገለ የኮራል (የባሕር እንስሳት) ማሳደጊያ ገንዳ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔን ያስከፈለኝ 2,800 ድርሃም ብቻ አይደለም፤ በትንሿ ገንዳዬ ሁለት ዓመት ያሳደግኳቸው አክሮፖራ የተባሉ ኮራሎችም አብረው ሄደዋል።

ሻጩ «500 ሊትር» አለኝ፤ አመንኩት። ኋላ ስመረምረው የገንዳውን የውጭ ልክ አባዝቶ (120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ 432 ሊትር)፣ ከሥር ያለችውን የማጣሪያ ገንዳ 68 ሊትር ደምሮበት ኖሯል። በውጭ ልክ ማስላት እኮ መስታወቱንም እንደ ውሃ መቁጠር ነው! የ12 ሚሊ ሜትሩን መስታወትና ከአፉ በታች ባዶ የሚተወውን 4 ሴንቲ ሜትር ስትቀንሱ 371 ሊትር ይቀራል። 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ወደ 20 ሊትር፣ ድንጋዩ ደግሞ ወደ 15 ሊትር ቦታ ይወስዳል። የማጣሪያዋም ገንዳ ብትሆን እስከ አፏ አትሞላም፤ መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደውን ውሃ የምትቀበልበት ቦታ ሊኖራት ይገባል። የእኔዋ 25 ሊትር ብቻ ነው የምትይዘው። በመጨረሻ ሁሉንም አራግፌ በ20 ሊትር ጀሪካን ስሞላው 18ኛው ላይ በቃው። 360 ሊትር።

ከገንዳው ጋር «ሙሉ ጥቅል» ብለው አምስት ጠርሙስ በ650 ድርሃም ጨመሩልኝ፦ ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ (የውሃውን አሲድ የመቋቋም አቅም የሚጨምር)፣ ማግኒዥየም፣ አዮዲንና ስትሮንሺየም። የውሃ መመርመሪያ ግን አንድም የለበትም። የአልካሊኒቲው መመርመሪያ ከድሮ ነበረኝና ለካሁት፤ 7 ዲግሪ (የአልካሊኒቲ መለኪያ እንጂ የሙቀት አይደለም)። ይህ ለተፈጥሮ የባሕር ውሃ የቀረበ ነው፤ መተው ነበረብኝ። 9 ላድርሰው ብዬ ጠርሙሱ ለ500 ሊትር ያዘዘውን በአንድ ምሽት ጨመርኩ። ጠዋት 9.8 ሆኖ ጠበቀኝ። በአንድ ቀን ከ1 ዲግሪ በላይ ለመጨመር መቸኮሌ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ትርፏ 0.8 ግን የሻጩ ሒሳብ ናት። በሳምንቱ የኮራሎቹ ጫፍ ነጣ፤ ከዚያ ሥጋቸው እየተላጠ አጽማቸው ቀረ።

አዮዲኑንና ስትሮንሺየሙን ሳይቸግር ጤፍ ብድር በሏቸው። ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር ከጨው ጋር ይገባሉ። የማትለኩትን ነገር አትጨምሩ። ካልሲየምና አልካሊኒቲንም ተከታትላችሁ አንድ ቦታ አታፍስሱ፤ ውሃው እንደ ወተት ይነጣና ገንዘባችሁ ወደ አሸዋው ይወርዳል።

ገንዳችሁ አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ የውሃውን መጠን በንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ መገመት ይቻላል። 30 ሚሊ ግራም የአንድ ሊትር ውሃን አልካሊኒቲ በ1 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። 10 ግራም አሟሙታችሁ ጨምሩና ውሃው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ ለኩ፤ በ0.9 ዲግሪ ከፍ ካለ 370 ሊትር አላችሁ ማለት ነው። ነገር ግን መመርመሪያው በ0.2 ብቻ ከሳተ መልሱ ከ303 እስከ 476 ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ጀሪካኔን አምናለሁ።

ስትገዙ ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የውስጡን ልክ ራሳችሁ ውሰዱና ደረሰኙ ላይ እሱ እንዲጻፍ ጠይቁ። የእኔ ደረሰኝ «አንድ ገንዳ ከነጥቅሉ» ብቻ ስለሚል የምከራከርበት አላገኘሁም፤ ጠርሙሶቹንም ተከፍተዋል ብለው መልሰን አንቀበልም አሉኝ። ትናንት በዚያው ሱቅ በር ሳልፍ ሌላ 120 በ60 በ60 የሆነ ገንዳ ቆሟል፤ «500 ሊትር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።