ጡትን ቤት ውስጥ ለመመርመር የሚሸጡ ዕቃዎች፦ የትኛው ይረባል?

በየድረ ገጹ የሚሸጡት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቀይ መብራት፣ የሙቀት ካሜራ እና ከጣት ሥር የሚደረግ ቀጭን የሲሊኮን ሽፋን። ሦስቱም "የጡት ካንሰርን ቀድመው ይወቁ" ተብለው ይተዋወቃሉ። ገንዘብ ቢወጣበት ብዙም የማያስቆጨው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የግድ አያስፈልግም።

መብራቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጡት ሥር ተጠግቶ ሲበራ ጡቱ ቀልቶ ይታያል። ደም ብርሃኑን ከሌላው ሥጋ በላይ ስለሚውጥ የደም ሥሮች ጠቆር ብለው ይወጣሉ። ሻጮቹ ጥቁር ነገር ካየሽ ሐኪም ጋ ሂጂ ይላሉ። ነገር ግን ተመትቶ የበለዘ ቦታም ይጠቁራል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበታተን ደግሞ ትንሽ ወይም ጠለቅ ያለ ዕጢ ሳይታይ ይቀራል። ጤነኛዋን ያስደነግጣል፣ የታመመችውን ያዘናጋል፤ የከፋው ሁለተኛው ነው።

የሙቀት ካሜራ የሚለካው የቆዳን ሙቀት ነው። ኢንፌክሽንም ቆዳን ያሞቃል፤ ብዙ ካንሰር ግን ቆዳ ላይ ምንም የሙቀት ምልክት አያሳይም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ይህ ምርመራ ማሞግራምን (የጡት ራጅን) እንደማይተካ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አይገዛ።

ሽፋኑ በሁለት ስስ ሉሆች መካከል ፈሳሽ ያለበት ሲሆን ጣት ቆዳ ላይ ሳይያዝ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ሻወር ላይ በሳሙና የራሰ እጅም ያንኑ ይሠራል። ዋናው አዳሰሱ ነው። በጀርባ ተኝቶ የሚዳሰሰውን ጡት በኩል ያለውን እጅ ከራስ በላይ ማድረግ፣ ከትከሻው ሥር የታጠፈ ፎጣ ማስገባት። በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሆድ (በጫፋቸው አይደለም) ትንንሽ ክብ እየሠሩ፣ እያንዳንዱን ቦታ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርጎ፣ በመጨረሻ የጎድን አጥንት እስኪሰማ መጫን። ከብብት ተነስቶ እስከ ደረት መሐል አጥንት፣ ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ሥር ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ። ጡትን በሁለት ጣት ቆንጥጦ የያዘ ሰው ጤነኛውም ዕጢ ይመስለዋል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥና ስለሚጓጉል፣ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ መዳሰስ ይሻላል።

መስታወት ፊት የሚታዩትም አሉ፦ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ አዲስ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል። ሕመም አይጠበቅ፤ ብዙው የጡት ካንሰር ሲጀምር አያምም።

ይህ ሁሉ ግን ማሞግራምን አይተካም። ሻንጋይ ውስጥ 266,000 ገደማ ሴቶች የተካተቱበትና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ራስን መዳሰስ ማስተማር ብቻውን በጡት ካንሰር የሚሞቱትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ማሞግራም በጣት የማይዳሰሱ ጥቃቅን የካልሲየም ነጥቦችን ያሳያል። መደበኛው ምርመራ ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስል ነው። ጡቱ ለጥቂት ሰከንድ ተጨምቆ የሚያዘው ተደራርቦ ያለው ሥጋ እንዲዘረጋ፣ ምስሉ እንዳይደበዝዝና ጨረሩ እንዲያንስ ነው። በዕለቱ ዲኦዶራንት አይቀቡ፤ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ምስሉ ላይ የካልሲየም ነጥብ ሊመስል ይችላል። የቀድሞ ምስል ካለ ይዞ መሄድ ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።

የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንዲነሱ ነው። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ቀደም ብላ መጀመር ይኖርባት እንደሆነ ሐኪም ትጠይቅ።

የጡት ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ምስሉ ላይ እንደ ዕጢው ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ዕጢው ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ እብጠት በእጅ እየተዳሰሰ ማሞግራሙ "ንጹሕ" ቢባል ጉዳዩ እዚያ አይዘጋም፤ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ መጠየቅ ይገባል።