ሳይድካር፣ ባጃጅ ወይስ የጭነት ባለ ሦስት እግር፦ ለጅማ መንገድ የቱ ይሻላል?

የጅማ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሦስት እግር እንዴት እንደሚረጋ ያውቃል፤ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ብዙ ሰው ሳይድካርንም፣ ማለትም በጎኑ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ የታሰረበትን ሞተር ሳይክል፣ በዚሁ ዓይን አይቶ ይገዛና ይሳሳታል። የበርጩማው እግሮች እኩል ተራርቀው የቆሙ ናቸው። የሳይድካር ጎማዎች ግን ሁለቱ በአንድ መስመር፣ ሦስተኛው ለብቻው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንድ ጠባይ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሌላ፣ ነዳጅ ሲሰጡትና ፍሬን ሲይዙትም ሌላ ጠባይ ያሳያል።

አጭሩ መልስ ይቅደም። ሰው አሳፍሮ እንጀራ ለመብላት ከሆነ ባጃጅ ይግዙ። ቡናና ሲሚንቶ ለማመላለስ ከሆነ የጭነት ባለ ሦስት እግር። ሳይድካር የሚያዋጣው ሞተር ሳይክሉ አስቀድሞ እጅዎ ላይ ካለ፣ የሚጭኑት አንድ ሰው ወይም አራት ፈረሱላ (68 ኪሎ) ያህል ዕቃ ከሆነ፣ መንዳትንም እንደገና ከሀ ለመጀመር ፈቃደኛ ከሆኑ ነው። አንድ እግሩ ስለሚደክመው ሞተሩን ደግፎ ማቆም የማይችል ነጂ፣ ወይም ከኋላ ኮርቻ ላይ መውጣት የሚከብዳቸውን እናቱን የሚያመላልስ ሰው ግን ከባጃጅ ይልቅ ሳይድካርን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ጉልበትና ክብደት

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ኢንጂን በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ወረቀቱ ላይ 12 ፈረስ ጉልበት የተጻፈበት የ150 ሲሲ ቦክሰር ሞተር ሳይክል እዚህ የሚሰጠው 10 ገደማ ነው ማለት ነው። ሞተሩን 120፣ ጋሪውን 60፣ ነጂውን 70፣ ተሳፋሪውን 65 ኪሎ ብንል ድምሩ 315 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ እንዲጭን በተሠራ ማርሽ ይህን ሁሉ ወደ ጅሬን አቀበት ማውጣት ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። መጀመሪያ የሚሰማው የተቃጠለ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ኢንጂኑ እየጮኸ ሞተሩ አልሄድ ይላል። መፍትሔው ካቴናው የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ ሦስት ወይም አራት ጥርስ በሚበልጥ መቀየር ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በሳይድካር ግን ከ60 ኪ.ሜ በላይ የሚያስሮጥ ምክንያት የለም። 125 ሲሲ ያለው ሰው ሐሳቡን ቢተወው ይሻለዋል።

ከፋብሪካው ባለ ሳይድካር ሆኖ የሚወጣው የሩሲያው ኡራል ሌላ ነገር ነው፦ 749 ሲሲ፣ 41 ፈረስ ጉልበት፣ በካቴና ፈንታ ዘንግ፣ የኋላ ማርሽ፣ 330 ኪሎ ገደማ ክብደት። ሐረጉ በ1941 እ.ኤ.አ. ከተሠራው የሶቪየት ኤም-72 ይመዘዛል፤ ከ2022 ጀምሮ የሚገጣጠመው ደግሞ በካዛክስታን ነው። አቀበት አያስጨንቀውም። ነገር ግን በ100 ኪ.ሜ 7 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፣ መለዋወጫውም ከውጭ የሚጠበቅ ነው። መካኒክ ሁሉ ቦክሰር በሚፈታበት ከተማ ኡራል መግዛት ግን ራስን መካኒክ ማድረግ ነው። ጊዜና ፍቅር ላለው እንጂ ለሥራ አይመከርም።

ባጃጁ 200 ሲሲ ገደማ ቢሆንም ማርሹ ከመጀመሪያው ለጭነት የተቆረጠ ነው፤ አራት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ አለው። የጭነቱ ባለ ሦስት እግር በባሌስትራ ላይ ተቀምጦ በዲፈረንሻል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ስለሚነዳ ሦስት ኩንታል ቢጭኑበት ለሳይድካር የማይታሰበውን ይሠራል። ድክመቱ አቀበት ላይ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያጋድል የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው እጅ ላይ ባዶ ይሆናል። ከባዱን ጆንያ ወደ ነጂው ጀርባ አስጠግቶ መጫን ግማሹን ችግር ይፈታል።

ጭቃ፣ ጉድጓድና ጠባብ መንገድ

በጅማ ዝናቡ ክረምት ብቻ አይደለም፤ ከበልግ ተያይዞ ይመጣል። አስፋልቱን ለቀው ቀዩ አፈር ላይ ሲወጡ ልዩነቱ ይታያል። የጭነት መኪና ያበጀው የጎማ ቦይ ባለበት መንገድ ላይ የባጃጁ የፊት ጎማ በመካከል ባለው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ደግሞ ቦዩን አይገጥሙትም። ሳይድካር ሦስት ሳይሆን ሁለት ፈለግ ብቻ ነው የሚያበጀው፤ ሞተሩን በአንዱ ቦይ፣ ጋሪውን በጉብታው ላይ ማስኬድ ይቻላል። ጎማውም 17 ኢንች ስለሆነ የባጃጁ 8 ኢንች ጎማ የሚሰምጥበትን ጉድጓድ ይሻገራል። ይህ የሳይድካር እውነተኛ ብልጫ ነው።

ብልጫው ግን ሲንሸራተት ያበቃል። የሚገፋው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ጭቃ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሞተሩም አፍንጫውን ወደ ቀኝ ያዞራል። የ150 ሲሲ ሞተር የኋላ ማርሽ ስለሌለው ከጭቃ ወደ ኋላ ማውጣት የሰው ጉልበት ይፈልጋል።

በገበያ ቀን በጅማው መርካቶ መሐል ለሚያልፍ ስፋትም ቁም ነገር ነው። ባጃጅ 1.3 ሜትር ነው። ሳይድካር የተገጠመለት ሞተር 1.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞተር ሳይክል ስለሆነ ይሾልካል ብሎ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት የሰው ፓራውልት እየፋቀ ያሳልፋል። ዝናቡንስ? ባጃጁ ጣሪያ አለው፤ የሳይድካር ተሳፋሪ ከላይ ይዘንብበታል፣ ከፊት ጎማም ይረጭበታል።

የቱ በምን ይገለበጣል

ባጃጅና የጭነቱ ባለ ሦስት እግር በግራም በቀኝም እኩል ናቸው። የሚገለብጣቸው ፍሬን ይዞ መታጠፍ ነው፤ ክብደቱ ወደ ነጠላው የፊት ጎማ ሲሄድ የኋላው ስፋት አያድናቸውም። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል።

ሳይድካር ግን ሁለት ዓይነት አወዳደቅ አለው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጋሪው ከመሬት ይነሳል። ቅድም በጠቀስነው ክብደት ባዶውን ጋሪ ስናሰላው፣ 10 ሜትር ራዲየስ ባለው የቀኝ ኩርባ ላይ በሰዓት 20 ኪ.ሜ አካባቢ መነሳት ይጀምራል። ሁለት ፈረሱላ፣ ማለትም 34 ኪሎ አሸዋ ከጋሪው ወለል በውጭ በኩል ቢታሰር ወደ 25 ኪ.ሜ ከፍ ይላል። 5 ኪ.ሜ ትንሽ ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን በድንጋጤና በመገልበጥ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ደግሞ ጋሪው መሬቱን ይጫናል፤ ፍሬን ከተጨመረበት የሞተሩ የኋላ ጎማ ይነሳል፣ የጋሪው አፍንጫ አስፋልት ይነካል። የሚመጣው ከቀኙ ዘግይቶ ነው፣ ሲመጣ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። ጋሪው የራሱ ፍሬን ከሌለው ሞተሩ ሲቆም እሱ መሄዱን ይቀጥላል፣ ሁለቱም ወደ ግራ ይዞራሉ። በአገራችን መንገድ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። ፍሬን የሌለው ጋሪ በነጻ ቢሰጥዎም አይውሰዱ። ባጃጁ ላይ በአንድ ፔዳል ሦስቱም ጎማ ይያዛል፤ ይህን የሚስተካከል የለም።

ለመልመድ የቱ ይቀላል

ባጃጅ የነዳ ሰው ሳይድካርን ከሞተረኛው ቶሎ ይለምዳል። የሚገርም ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተረኛ በፍጥነት ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ ሳያውቀው፣ የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሞተሩም ያጋድልለታል። ሳይድካር አያጋድልም። ያንኑ እጀታ ሲገፋ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፣ እሱም ወደ ግራ ይሄዳል። አሥር ዓመት የነዳ እጅ ይህን የሚረሳው በልምምድ ብዛት ብቻ ነው።

የእግርም ልማድ አለ። ሞተረኛ ሲቆም እግሩን መሬት ያወርዳል። በሳይድካር ቀኝ እግር የሚወርደው በሞተሩና በጋሪው መካከል ነው፤ ከኋላ የሚመጣው የጋሪው ማያያዣ ብረት ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ሁለቱም እግሮች ከመርገጫው አይነሱም።

ለልምምድ ደረቅና ሜዳ የሆነ፣ ቢያንስ 30 በ60 ሜትር የሚሆን ቦታ ይፈልጉ፤ ዝናብ ያረሰረሰው የኳስ ሜዳ አይሆንም። ሁለቱን ፈረሱላ አሸዋ ከጋሪው ጎማ አጠገብ በገመድ አጥብቀው ይሰሩ፤ የሚንሸራተት ክብደት ከባዶ ይከፋል። መጀመሪያ ቀጥታ መስመር ብቻ፦ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መነሳት፣ 20 ኪ.ሜ መድረስ፣ መቆም። አሥር ጊዜ። ሲነሱ ወደ ቀኝ፣ ሲቆሙ ወደ ግራ መሳቡን እጅዎ በራሱ እስኪያርመው ድረስ ወደ ሌላ አይለፉ። ከዚያ ሰፊ የግራ ክብ ይዙሩ። የቀኙን ክብ በመጨረሻ ይያዙት፤ ወገብን ወደ ጋሪው አሻግረው፣ ፍጥነቱን ከመታጠፉ በፊት ቀንሰው፣ ከገቡ በኋላ ነዳጁን ሳይቆርጡ።

ከዚህ በኋላ አሸዋውን አውርደው በቀኝ ክብ ላይ የጋሪው ጎማ ትንሽ እስኪነሳ ድረስ ሆን ብለው ይሞክሩት። ሲነሳ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ መልሰው ነዳጁን ቀስ አድርገው ይቀንሱ፤ ይወርዳል። ደንግጦ ይበልጥ ወደ ቀኝ የሚጠመዝዝ ይገለበጣል። ይህን ሜዳ ላይ ያላየ ሰው መንገድ ላይ ያየዋል። ተሳፋሪ የሚጫነው ሦስት ወይም አራት ቀን እንዲህ ከተለማመዱ በኋላ ነው፣ እሱም ቀበቶ አስሮ።

በ25 እና በ35 ኪ.ሜ መካከል መሪው ግራ ቀኝ ቢንቀጠቀጥ እጅን ማድረቅ ያባብሰዋል። ያዝ አድርገው ፍጥነቱን ይለውጡ፤ ቤት ሲገቡ የመሪውን ኩሽኔታና የጎማውን ነፋስ ያስፈትሹ።

ብየዳ ቤት ከመሄድ በፊት

ጋሪ በአራት ቦታ ይታሰራል፦ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። የታችኞቹ ክብደት ይሸከማሉ፤ የላይኞቹ ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይጋደል ይይዛሉ። በሦስት ቦታ ይበቃል የሚልዎትን ሠራተኛ አመስግነው ይሂዱ። የሞተሩ ሻንሲ ላይ በቀጥታ አይበየድም፤ ሙቀቱ ቀጭኑን ቧንቧ ያደክመዋል፣ ከወራት በኋላም ብየዳው ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይሰነጠቃል። ከኢንጂኑ ሥር ለብቻው ክፈፍ ተሠርቶ በቡሎን ይያዛል፤ ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት፣ ዳዶው በራሱ የማይፈታ ዓይነት ይሁን። ከ50 ኪ.ሜ በኋላ ሁሉም እንደገና ይጠበቃል።

አገጣጠሙ በዓይን ግምት አይሆንም። የጋሪው ጎማ እምብርት ከሞተሩ የኋላ ጎማ እምብርት ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይቀድማል፤ ከግራ ኩርባ አወዳደቅ የሚያድነው ይህ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ የ2.5 ሜትር ቱቦላሬዎችን አንዱን ከሞተሩ ጎማዎች፣ ሌላውን ከጋሪው ጎማ ጎን አጋድመው ርቀታቸውን ከፊትና ከኋላ ይለኩ፤ ከፊት ያለው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። ከዚህ ከበለጠ ጎማው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይላጫል። ሞተሩ ራሱ ያለ ሰው ሲቆም አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሰው ሲጫንበት ቀጥ ይላል። ሜዳ መንገድ ላይ ዘወትር ወደ ቀኝ የሚስብ ከሆነ ይህ ዝንባሌ አንሶታል።

ከገንዘቡ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። የሞተር ሳይክልና የባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃድ ምድባቸው የተለያየ ነው፤ ባጃጅና የጭነት ባለ ሦስት እግር ሊብሬያቸው ከመጀመሪያው እንዲሁ ሆኖ ይመጣል። በሊብሬ ሞተር ሳይክል ተብሎ የተመዘገበ ነገር ላይ ጋሪ ሲጨመር ግን ቅርጹም ጭነቱም ይለወጣል። በየትኛው ምድብ እንደሚታይና ለውጡ በሊብሬው ላይ እንደሚመዘገብ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ የሦስተኛ ወገን ዋስትናው የጋሪውን ተሳፋሪ እንደሚሸፍን ደግሞ ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ይያዙ። ብየዳው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ቦሎ ሲታደስ ጋሪውን ፍታው የመባል አደጋ አለ።

ያገለገለ ጋሪ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ይይ፦ በየትኛው ጎን ነው የሚገጠመው? እንደ ሕንድ በግራ በሚነዳበት አገር የተሠራ ጋሪ በሞተሩ ግራ ይታሰራል። ያን እዚህ ቢያስሩት ተሳፋሪው የሚቀመጠው ከፊት በሚመጣው መኪና በኩል ነው፣ የሚወርደውም መንገዱ መሐል ላይ ነው። አዙሮ በቀኝ ማሰርም አይሠራም፤ የጎማው አክሰልም ማያያዣዎቹም በተቃራኒው ጎን ስለሚውሉ ከአዲስ ከማሠራት አይረክስም።