ሆድ ለሚነፋው ሰው የትኛው የእንቅልፍ ማሽን ይሻላል? ቋሚ ሲፓፕ፣ አውቶ ሲፓፕና ባይፓፕ

በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ማሽን ሲጀምር ማንኮራፋቱ ይቀርለታል፤ አንዳንዱ ግን ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ እያገሳ ይነሳል። ማሽኑ ጉሮሮ እንዳይዘጋ በማስክ በኩል አየር ይገፋል። ግፊቱ የምግብ ቧንቧውን አፍ የሚዘጋውን ጡንቻ ሲያሸንፍ፣ ወይም ሰውየው ተኝቶ ሳለ አየሩን ሲውጥ፣ አየሩ ጨጓራ ይገባል። ቃር ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ስለዚህ ለአባታችሁ ወይም ለራሳችሁ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ምን ያህል ግፊት እንደሚሰጥ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ግፊት የሚሰጠው ቋሚው ሲፓፕ በዋጋ ይረክሳል። አብዛኛው ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያው ነው) ድረስ ይስተካከላል። 12 ላይ ከተቀመጠ ግን በጀርባ ተኙ በጎን፣ እስከ ንጋት 12 ነው። ሐኪም ያዘዘው ግፊት እንደ 6 ወይም 7 ዝቅ ያለ ከሆነ ይበቃል፤ ከፍ ያለ ከሆነና ሆድ የሚነፋ ከሆነ እኔ አልመርጠውም።

አውቶ ሲፓፕ እየለካ ጉሮሮ ሲጠብ ግፊቱን ከፍ፣ ሲከፈት ዝቅ ያደርጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አየር በሚውጡ ሰዎች ላይ ቋሚውንና አውቶውን እያፈራረቀ ያነጻጸረ ጥናት፣ በአውቶው ግፊቱም የሆድ መነፋቱም ቀንሶ አግኝቷል፤ ሰዎቹ ማሽኑን የተጠቀሙበት ሰዓት ግን አልጨመረም። የእኔም ምርጫ እሱ ነው፣ በአንድ ግዴታ፦ ከፋብሪካ እንደመጣ ከ4 እስከ 20 ክፍት ሆኖ እንዳይተው። ጣሪያው ካልተወሰነ ሌሊት ላይ 16 እና 17 ሊደርስና ሆዱን መልሶ ሊሞላው ይችላል። ጣሪያውንም ወለሉንም ሐኪሙ የማሽኑን መዝገብ አይቶ ይወስን፤ በራስ ግምት ዝቅ ካደረጋችሁት የትንፋሽ መቆራረጡ ተመልሶ ይመጣል። ማታ አረቄ ወይም ጠላ የሚቀምስ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ አውቶውም ያንን ለማካካስ ግፊት ይጨምራል፣ ትርፉ ወደ ሆድ ይገባል።

ሁለቱም ዓይነት ላይ አየር ሲወጣ ግፊቱን የሚያላላ ቅንብር መኖሩን ጠይቁ። ሬስሜድ የተባለው አምራች ማሽኖች ላይ ኢፒአር ይባላል፣ ከተቀመጠው ግፊት ላይ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ይቀንሳል። ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚሞከር ስለሆነ ወደ ውድ ማሽን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሞክሩት።

ባይፓፕ አየር ሲስቡ አንድ፣ ሲያስወጡ ሌላ ዝቅ ያለ ግፊት ይሰጣል፤ ብዙዎቹ እስከ 25 ይደርሳሉ። ከሦስቱ ውዱ ነው። አውቶው ተስተካክሎም የሆድ መነፋቱ አልፋታ ላለው፣ ወይም ከፍተኛ ግፊት ለሚያስፈልገው ነው እንጂ ከመነሻው የሚገዛ አይደለም።

አሁን ሰሜን ሸዋ ለምትኖሩት የሚመለከተው። ሻጭ ብዙም የማያነሳው ነገር ከፍታ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ያንኑ ግፊት ለማውጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ አምራቾችም ወሰን ያስቀምጣሉ። ኤርሴንስ 10 የተባለው የሬስሜድ ማሽን መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንዝ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 በላይ። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይህ ጭንቀት አይደለም፣ ቆላ ነው። ደጋ ላይ ግን መመሪያውን ክፈቱና የከፍታውን ቁጥር በዓይናችሁ እዩ፤ በተለይ ከፍ ያለ ግፊት የታዘዘለት ሰው ካለ።

ማስኩም ድርሻ አለው። አፍንጫው ክፍት ለሆነ ሰው በአፍንጫ ብቻ የሚደረገውን አስቀድሙ። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ይሻለዋል፣ ግን አየር በጎን የሚያፈስ ማስክ አውቶውን ያደናግረዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ተኝታችሁ ለኩት። ትራስ ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

በጾም ወቅት የባቄላና የሽሮ ንፋትን ከማሽኑ ጋር አታምታቱ። የማሽኑ ንፋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ይበረታል፣ በግሳትና በፈስ እየቀለለ ይሄዳል። ብርቱ ሕመም ወይም ትውከት ካለ ግን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ያገለገለ ማሽን ርካሽ ነው፣ ግን ስሙን አንብቡ። ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ድምፅ የሚያፍነው የውስጥ ስፖንጅ ስለሚበላሽ የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽን ጨምሮ ብዙ ማሽኖችን ከገበያ ጠርቷል። ጥገናው መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ፣ በስጦታም ቢመጣ አትቀበሉት።