«ነገ አትሄጂም» ላሉኝ መካኒክ

አንድ ሐሙስ ማታ ጋሼ የመኪናዬን ቁልፍ ቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «ነገ አትሄጂም» አሉኝ። ለማግስቱ ሰሚት ፖይንት በሚባል የመኪና ውድድር ሜዳ ለትራክ ደይ ተመዝግቤያለሁ። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። በጣም ተናደድኩ። ይህን ምስጋና የምጽፈው በዚያ ማታ ምክንያት ነው። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለበለዚያ የተደረገልኝ ነገር ልኩ አይታያችሁም።

ትራክ ደይ ለማታውቁት፣ ውድድር አይደለም። የራስን መኪና ይዞ የውድድር ሜዳ ላይ መንዳት ነው። ዋንጫ የለም፤ አንደኛና ሁለተኛ የለም። ሹፌሮች በልምዳቸው ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ምድብ በተራው ሃያ ደቂቃ ያህል ይነዳል። ጀማሪ አጠገብ አሰልጣኝ ይቀመጣል። መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ፣ ያውም የፊተኛው ሹፌር በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። እኔ የምሄድበት ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሩት 7ን ይዞ፣ በሊስበርግ በቤሪቪል አድርጎ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ዋናው ሜዳ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት።

መኪናዬ የ1999 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይከፈታል፤ ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አያልፍም። ቀጥታው ላይ የሚያልፏት ብዙ ናቸው። ኩርባ ላይ ግን መሪውን ገና ስታስቡት ትታጠፋለች። ከሰባት ዓመት የሌሊት ፈረቃ በኋላ ለራሴ የገዛኋት የመጀመሪያ ነገር ናት፤ እወዳታለሁ።

በመጀመሪያው ቀኔ፣ በሦስተኛው ተራዬ፣ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሼ ወደ አንደኛው ኩርባ ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰመጠ። የረገጥኩት ነገር ጭቃ መሰለኝ። አሰልጣኙ «ደጋግመሽ ርገጪ!» እያለ ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ያዘልኝ። ኩርባውን ሰፋ አድርጌ ገባሁት፤ ሁለቱ ጎማዎች ሣር ላይ ወጡ፤ ተመለስን። ማንም አልተጎዳም። እጄ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተንቀጠቀጠ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ቆመው ረገጡና «ምንም የለበትም» አሉኝ። እውነትም ያን ጊዜ ፔዳሉ ድንጋይ ነበር። ከዚያ የሞተር ጉልበት ስለሚጨምረው ተርቦ፣ ስለ ማርሚታ፣ ስለ አየር ማስገቢያ ይነግሩኝ ጀመር። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዝርዝር ጽፈው ሰጡኝ። እኔም ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ፈረስ ጉልበት የማይፈልግ ማን አለ?

ጋሼን ያገኘኋቸው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ጋራዣቸው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ሁለት መኪና ብቻ ታስገባለች። አዲስ አበባ በልጅነታቸው ላዳና ፊያት እየፈቱ ነው ያደጉት። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የሚላክ ልጅ ነበሩ። እኔ ገና ስለ ተርቦው ስጀምር አላስጨረሱኝም። «ፔዳሉ ሲሰምጥ መኪናዋ ስንት ዙር ነድታ ነበር? ከቀዘቀዘች በኋላስ ተመለሰ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ከቀዘቀዘች በኋላ ተመለሰ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከፍሬኑ ጥቂት ዘይት ቀድተው በብርጭቆ አሳዩኝ። የቆየ ሻይ ይመስላል። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ተዘግቶ ቢቀመጥ እንኳ በጊዜ ብዛት እርጥበት ይገባዋል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲገባው ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ከረጅም ቀጥታ በኋላ ደጋግሞ ፍሬን ሲረገጥ ግን ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። «ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል» አሉኝ ጋሼ። «አንቺ የረገጥሽው እንፋሎቱን ነው፤ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።» ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ለዚህ ነው ግቢ ውስጥ ሲረገጥ ድንጋይ የሆነው።

ስለ ተርቦው ስጠይቃቸው ያሉት አንድ ነገር ነው። «መቆም የማትችል መኪና ላይ ጉልበት አልጨምርም። ሌላ ሰው ይጨምርልሽ።» ገንዘብ ጠልተው አይደለም። ያን ቀን አዎ ቢሉኝ ብዙ ብር ያገኙ ነበር።

የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀየሩ። የመንገድ የፍሬን ሸራውን አውጥተው ሙቀት የሚችለውን አስገቡ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ያረጁ የላስቲክ ቱቦዎች በብረት ሽቦ በተጠለፉ ተኩ። አዲሱ ሸራ ከተማ ውስጥ ይጮኻል፤ ቸርኬውንም በጥቁር ብናኝ ይሸፍናል። ይህንን ቀድመው ነግረውኛል፤ ስለዚህ ሲጮህ አልደነገጥኩም።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው ራዲያተሩን አሳዩኝ። የላይኛው ፕላስቲክ ሲሠራ ጥቁር ነው። የእኔው ወደ ቡናማ ተለውጦ ነበር። ሚያታ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ኮፈን ከፍታችሁ እዩት። ቀለሙ ከተለወጠ ፕላስቲኩ ተሰባሪ ሆኗል ማለት ነው፤ አንድ ሞቃት ቀን ይሰነጠቃል። ራዲያተሩን ለመቀየር የሞተሩ ታይሚንግ ቺንጋ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የውሃ ፓምፑን ግን ከታይሚንግ ቺንጋው ጋር አብረው ቀየሩልኝ። ፓምፑ ጋ ለመድረስ ቺንጋውን ማውጣት ግድ ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አላስከፈሉኝም።

ጣሪያዋ ክፍት ስለሆነ፣ ብትገለበጥ ራስን የሚጠብቅ፣ ከመቀመጫው ኋላ የሚቆም የብረት ቅስት ያስፈልጋል፤ ያለሱ ብዙ ክለቦች አያስገቡም። «እርስዎ ይበይዱልኝ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «እኔ ብየዳ አውቃለሁ፤ ይኼ ግን ራስሽን የሚያድን ብረት ነው፤ ለዚሁ ተፈትኖ የተሠራውን ግዢ» አሉኝ። ገዛሁ፣ ገጠሙልኝ። ከዚያ ሄልሜት አስደርገው አስቀመጡኝና ቀጥ ያለ እንጨት ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ጫፍ ዘረጉ። ሄልሜቴ እንጨቱን ነካ። ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት። ወንበሩን ነቅለው፣ ከመቀመጫው ስር ስፖንጁን በልክ ቆርጠው፣ መልሰው ሰፉት። እስኪበቃ ድረስ ሦስት ጊዜ አስቀምጠው አስነሱኝ።

አላይመንት ግን አልሠሩልኝም። ማሽኑ የለኝም ብለው ወደ ሌላ ጋራዥ ላኩኝ፤ የሚፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ጻፉልኝ። የፊት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል እንዲያዘነብሉ ነበር። ኩርባ ላይ መኪናዋ ስትጋደል የውጪው ጎማ ሙሉ በሙሉ መሬት እንዲይዝ ነው። ከዚያ በፊት የጎማዬ የውጪ ጠርዝ ብቻውን ይበላ ነበር።

እነሆ ወደ ሐሙስ ማታው ደረስኩ።

አራተኛ ትራክ ደዬ ነበር። ዘይት አስቀይሬ ልወስዳት ነው የሄድኩት። ጋሼ ክሪክ አስገብተው አነሷትና የፊት ቀኙን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ነይ፣ አንቺ ነቅንቂው» አሉኝ። በጣም ትንሽ «ጭቅ» የምትል ድምፅ ሰማሁ። «አሁን ግቢና ፍሬን ያዢ» አሉ። ፍሬን ስይዝ ነቀነቁት፤ ድምፁ ጠፋ። «ኩሽኔታው ነው» አሉ፤ ጎማው የሚዞርበትን ማለታቸው ነው። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩና የፍሬን መያዣው ስለሚጣበቁ የኩሽኔታው ልቅነት ይሸፈናል። ልቅነቱ ከሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ብይዝም አይጠፋም ነበር። ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ የሚታየው ልቅነት ደግሞ ብዙ ጊዜ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው የቴስቲና ነው።

እኔ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ትንሽ እኮ ናት። አንድ ቀን ብቻ። ሰኞ እመልሳታለሁ።» ዕቃው የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። «ዛሬ ማታ ከሌላ መኪና አሮጌ ፈልገን እንግጠም» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ። ገንዘብሽ ይቃጠል። ነገ አትሄጂም።» ቤቴ በኡበር ሄድኩ። እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ ንዴቴ አላስተኛ አለኝ።

ቅዳሜ ጠሩኝ። አሮጌውን አውጥተው ጋዜጣ ላይ አስቀምጠውት ነበር። በእጄ እንዳዞረው ሰጡኝ። ይንኮሻኮሻል፤ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስላል። ግራሱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ትራክ ላይ የሚይዝ ጎማ ሲገጠም ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ የዲስኩ ሙቀትም ይደርስበታል። ይህ ዕቃ በሰዓት 100 ማይል አካባቢ ሄጄ ፍሬን የምረግጥበት ቦታ ላይ ቢለቅ ምን እንደሚሆን ጋሼ አልነገሩኝም። አላስፈለገኝም። እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። እሳቸውም «በይ፣ ቡና ጠጪ» ብለው ተነሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ሰጥተውኛል። ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ እጽፋለሁ። የጎማ ንፋስ ሲቀዘቅዝ ስንት፣ ሲሞቅ ስንት። እኔ በ26 ፒኤስአይ እጀምራለሁ፤ ስወጣ 31 አካባቢ ደርሶ አገኘዋለሁ። የሞተር ዘይት ልክ። የቸርኬ ዳዶዎች ጥብቀት፣ ሁልጊዜ በሚለካ ቁልፍ። የፍሬን ሸራው ውፍረት። ሸራው ግማሽ ሲደርስ ይቀየራል፤ ምክንያቱም ሲሳሳ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፤ ያ የመጀመሪያ ቀን ታሪክ ይደገማል። የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብዬ እየነዳሁ ፍሬኑን አቀዘቅዛለሁ። ቆሜም የእጅ ፍሬን አልስብም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጣብቆ መቆየት የለበትም። ማርሽ ውስጥ ትቼ ጎማው ስር ታኮ አደርጋለሁ።

አሁን ለጥቆማው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሥራ ሲበዛ ጥራት ይወርዳል ብለው ይፈራሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ይጽፋሉ። አሮጌውን ዕቃ በካርቶን አድርገው ይመልሱላችኋል። የማይችሉትን አልችልም ይላሉ። ለቀጠሮ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ትጠብቃላችሁ። ከትራክ ደይ በፊት ባለው ማታ መኪና ይዛችሁ አትምጡባቸው፤ ቢያንስ አስር ቀን ስጧቸው። መኪናዋ ምን እንደሆነች ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ሣር ላይ ወጥታችሁ ከሆነም ተናገሩ። መደበኛ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም፤ እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ ማታ 495 አውራ ጎዳና ላይ የምትሽቀዳደሙ ወንድሞቼም ይህን ታነባላችሁ። እባካችሁ ኑ። አብሬያችሁ እመዘገባለሁ፤ ሄልሜት ከሌላችሁ አበድራለሁ። እዚያ ከፊታችሁ የሚመጣ መኪና የለም፤ አምቡላንስም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበቡልዎት፣ ያን ሐሙስ ማታ በሩን በኃይል ዘግቼ በመውጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ። የኋላውን የፍሬን ሸራ ለክቼዋለሁ፤ ግማሽ ሊደርስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ፤ ቡናውን እኔ ቆልቼ አመጣለሁ።