ጂም፣ ሲሚንቶ ወይስ የራስ ብረት? ለደብረ ብርሃን ጀማሪ

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ብረት ይዞ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ውርጩ ብረቱ ላይ ያድራል። ጣት ይቆረጥማል። እኔ ድሮ ጨርቅ እጠመጥም ነበር፤ አሁን የሥራ ጓንት አለኝ። ከብርዱ የጀመርኩት አለምክንያት አይደለም። ክብደት ማንሳትን እስከ ሽምግልና ይዞ መዝለቅ የሚፈልግ ሰው ከጡንቻው በፊት «በዚህ ብርድ ከአልጋዬ ምን ያስነሳኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ የሚወስነው መልሱ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው፤ የጂም ወርኃዊ ክፍያ፣ ቤት የሚሠራ የሲሚንቶ ክብደት፣ ተገዝቶ ቤት የሚቀመጥ ብረት። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ፤ በሦስቱም ተሸውጃለሁ።

ከጂም ልጀምር። የጂም ትልቁ ጥቅም የሚያያችሁ ሰው መኖሩ ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስትወርዱ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ብረት ከመሬት ስታነሱ ጀርባችሁ ሲጎብጥ «ቆይ፣ ቆይ!» የሚል አሰልጣኝ አለ። ይህን መስታወት በደንብ አይነግራችሁም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሄዳችሁ እዩ። አንድ ባር (ክብደት የሚሰካበትን ረጅም ዘንግ) ስንት ሰው ይጠብቀዋል? ባሩ ላይ የሚሰኩት የ1.25 እና የ2.5 ኪሎ ክብ ዲስኮች አሉ ወይስ ጠፍተዋል? የመሮጫ ማሽን ብዛት አያማልላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። እኔ አንድ ጊዜ «የ6 ወር ከከፈልክ ቅናሽ አለው» ተብዬ ከፍዬ የሄድኩት 2 ወር ነው። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ሐምሌ ገባ፣ ጭቃው መጣ፣ እኔም ቀረሁ።

ሲሚንቶ ደግሞ የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ቧንቧ፣ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 4 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ ሲሞላ 9.5 ኪሎ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው፤ ሁለቱ ጎን ከቧንቧው ጋር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ቧንቧውን ልሙጡን አትክተቱት። ውሎ ሲያድር ሲሚንቶው ዙሪያውን መሽከርከር ይጀምራል። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ጫፍና ጫፉ ላይ አጫጭር ፌሮ በመስቀልኛ አስበይዱ።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ሲሚንቶ በማግስቱ የደረቀ ይመስላል፤ ጠንክሯል ማለት ግን አይደለም። ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት። በደንብ የሚጠነክረው በ28 ቀን ነው። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ውሃውን አብዙለት። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በውርጭ ደጅ አታሳድሩት፤ ገና እርጥብ ሳለ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሠራ ይሰነጣጥቀዋል። የእኔ የመጀመሪያው በረንዳ ላይ አድሮ ነው ጠርዙ የረገፈው።

የሲሚንቶ ዋናው ችግር ግን አለማደጉ ነው። ሰውነት የለመደውን ክብደት ማንሳቱ ብዙም አይጠቅመውም፤ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረለት መሄድ አለበት። 20 ኪሎ ሲሚንቶ ዘንድሮም 20፣ ከርሞም 20 ነው። ማንም ያልጠየቀኝን ልናገርና፣ ከሲሚንቶ ይልቅ 5 ሊትር የሚይዝ የዘይት ጄሪካን ይሻላል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። በየሳምንቱ አንድ ብርጭቆ ትጨምራላችሁ። ሲሞላ ውሃውን ደፍታችሁ ደረቅ አሸዋ ብትሞሉበት ያው ጄሪካን 8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እናቴ በ3 ኪሎ ጄሪካን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጀምራለች። ጎረቤት ቢስቅባትም አልተወችም። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 90 ዓመት ገደማ የሆናቸውን 10 አዛውንቶች ለ8 ሳምንት ክብደት አሠርቶ እስከ መጨረሻው የዘለቁት የ9ኙ የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። እሷ ገና 67 ዓመቷ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ዲስኩ ላይ 10 ኪሎ ተብሎ ስለተጻፈ 10 ኪሎ ነው ብላችሁ አትመኑ። እኔ ሁለቱን ዲስክ በጆንያ አድርጌ እህል ነጋዴ ጋ ወሰድኳቸው። ጋሼ ሚዛኑን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምን እህል ነው?» አሉኝ። ጆንያውን ስከፍተው ሳቃቸው አልቆም አለ። አንዱ 9.2፣ ሌላው 10.3 ኪሎ ወጣ። ባር ላይ ሲገቡ አንዱ ጎን ከአንድ ኪሎ በላይ ይከብዳል። ሻጩን ብጠይቀው «ታዲያ ይቺ ምን አላት?» አለኝ።

ሁለተኛው ነገር የዲስኩ ቀዳዳ ነው። የኦሎምፒክ የሚባለው ባር ዲስክ የሚገባበት ጫፉ 50 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የወንዶቹ ባር 2.2 ሜትር ይረዝማል፤ ባዶውን 20 ኪሎ ነው። የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። ሌላው ቀጭኑ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር። ዘንድሮ ባር፣ ለከርሞ ዲስክ እያላችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የመረጣችሁት ቀዳዳ ዕድሜ ልክ ይከተላችኋል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ለቤት ቀጭኑ ይበቃል ባይ ነኝ፤ 2.2 ሜትር ባር የሚያዞር ክፍል ያለው ስንቱ ነው? ትንንሾቹን ዲስኮች ግን ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ዋጋ አልጠራም፤ እስክታነቡት ይቀየራል። ጠቅላላውን ለኪሎ አካፍላችሁ አወዳድሩ። ያገለገለ ብረት አትናቁ፤ ዝገት በሽቦ ብሩሽና በዘይት ይለቃል። ከዚያ ብረቱ የስንት ወር የጂም ክፍያ እንደሆነ አስሉ። ከ18 ወር በታች ከሆነ እኔ ብረቱን እገዛለሁ።

ተከራይ ከሆናችሁ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። አከራዬ እማማ አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ቤቱን እያፈረስከው ነው?» ብለውኛል። አሮጌ ምንጣፍ ደራርቤ ነው የታረቅነው። ብቻችሁን ተንጋላችሁ ደረት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የዲስኩን ማሰሪያ አታጥብቁ። ባሩ ደረታችሁ ላይ ከቀረ አዘንብላችሁ ዲስኩን ማራገፍ ትችላላችሁ።

እኔ እንደገና ብጀምር 3 ወር ጂም እከፍላለሁ፤ ከዚያ በላይ ቀድሜ አልከፍልም። በዚያ ጊዜ ስኳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ወደ ላይ መግፋት፣ ወደ ራስ መሳብና ደረት እማራለሁ። ከዚያ ብረቴን ገዝቼ ቤቴ እገባለሁ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ሁዳዴን የምትጾሙ ከሆነ በ55ቱ ቀን ክብደት ለመጨመር አትቸኩሉ። የደረሳችሁበትን ይዛችሁ ቆዩ፤ ሽሮውንና ባቄላውን አብዙ፤ በሶም አለ። ግቢ የሌለው ተማሪ ጂም ይሻለዋል። ገንዘብ የሌለው በጄሪካን ይጀምር።

ጠርዙ የረገፈው ሲሚንቶ አሁንም ቤት አለ። ንፋስ ሲነሳ የጓሮውን በር የሚይዝልን እሱ ነው።