ሦስት ኢንቨርተር አያይዞ ስሪ ፌዝ፦ ለወሎ ቤት ይሆናል?

የመንግሥት መብራት ላልደረሰበት ቤት ስሪ ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር፣ ማለትም በሦስት ፌዝ የሚሠራ) ሶላር ሲፈለግ በብዛት የሚቀርበው፣ ባለ 48 ቮልት የ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ሦስት ገዝቶ በመገናኛ ኬብል ማያያዝ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አሸጣጡ ላይ ነው። ሻጩ «15 ኪሎዋት» ቢልም የምትገዙት ለየፌዙ 5፣ 5 እና 5 ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በዚያው ፌዝ ካውያ ከተሰካ ያ ኢንቨርተር አቅቶት ይጠፋል፣ እሱ ሲጠፋ ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። ምጣዱ የራሱ ፌዝ ይሰጠው።

ስሪ ፌዝ ዲናሞ (ሞተር) ከሌላችሁ ግን ሦስቱን አትግዙ። ሁለት ኢንቨርተር በአንድ ፌዝ ጎን ለጎን (ፓራለል) ማድረግ 10 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ወጪውም ያንሳል። ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ስሪ ፌዝ ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ከ30 ያልፋል፤ ይህን የሦስቱ ትስስር ይችለዋል። ባለ 7.5 ፈረስ የወፍጮ ዲናሞ ግን ሲነሳ 70 ይደርሳል። ያለ ቪኤፍዲ (ዲናሞውን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ) አይሞከርም።

ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በፓኔሉ በኩል ነው። የ550 ዋት ፓኔል ጀርባው ላይ ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ሳይሰካበት የሚሰጠው ቮልት) 49.8 አካባቢ ተጽፏል። ዘጠኙ በተከታታይ ሲቀጠሉ 448 ይሆናል፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ እስከ 450 ይቀበላል፤ ባለሙያውም «ልክ ገባ» ብሎ ያስራል። ጽሑፉ ግን ለ25 ዲግሪ ነው፤ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። በወሎ ደጋ፣ አቀስታ ወይም ወገል ጤና ውርጭ በወረደበት ማለዳ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ እያንዳንዱ 53 ይደርሳል፣ ዘጠኙ 478። ፀሐይ ብልጭ ስትል የኢንቨርተሩ ቦርድ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ኢንቨርተር ስምንት፣ በድምሩ 24 ፓኔል። የአንዱን ኢንቨርተር የፓኔል መስመር ለሌላው ማጋራት ክልክል ነው፤ በዲሲ (በፓኔልና ባትሪ) በኩል የጋራ የሚሆነው ባትሪው ብቻ ነው።

ባትሪ ሲገዛ ሰው ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርና አምፔሩን ይረሳል። ሦስቱ ሙሉ ጭነት ሲይዙ ከ300 አምፔር በላይ ይጠይቃሉ። 100 አምፔር የሚሰጥ ሊቲየም ባትሪ ሁለት ብቻ ካለ፣ ምጣዱ በርቶ ፓምፑ ሲነሳ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚጠብቀው ቦርድ) ይቆርጣል። ከአራት አትውረዱ። ከባትሪው እስከ እያንዳንዱ ኢንቨርተር 35 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል፣ ርዝመቱ እኩል፣ ለየብቻው የዲሲ ፊውዝ።

አራቱ ባትሪዎች ተጠቃለው 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ሲወርድ ያ ብዙ አይደለም፤ እንጀራው በቀትር ይጋገር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ስስ አየር ደግሞ ዕቃ አያበርድም። ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ የኢንቨርተሩን አቅም ቀንሳችሁ አስሉ ይላሉ። ኢንቨርተሮቹን ቁም ሳጥን ውስጥ መደርደርም ይቅር።

የኢንቨርተሮቹ ማስተካከያ (ሴቲንግ) ቀላል ነው፦ ለየብቻ እያበሩ አንዱን 3ፒ1፣ ሁለተኛውን 3ፒ2፣ ሦስተኛውን 3ፒ3 ማድረግ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ስክሪኑ ላይ 86 ቁጥር ከመጣ የአንዱ ሞድ አልተስማማም፣ 71 ከሆነ ሶፍትዌራቸው አንድ አይደለም። ሦስቱን ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ጊዜ መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ጭነት ከመስጠታችሁ በፊት በቮልት መለኪያ ለኩ፦ በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 230፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 400 ቮልት ገደማ። የጋራው ኒውትራል ከላላ ጭነት የቀለለበት ፌዝ ወደ 400 ሊወጣ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚበላውም ይኸው ነው። ፓምፑ እየሠራ ውሃው ካነሰ ወደ ኋላ እየዞረ ይሆናል፤ አጥፍቶ ሁለቱን ፌዝ ማቀያየር ነው።