የተቀላቀለ ፕላስቲክ፦ ፓይሮሊሲስ ወይስ ጋዚፊኬሽን?

ሁለቱም ፕላስቲክን በሙቀት ይሰባብራሉ፤ ዋናው ልዩነት ኦክስጅን ነው። ፓይሮሊሲስ አየር በማይገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሠራል። ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ተቆራርጠው ይተናሉ፤ ትነቱ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል። ከዘይቱ ኤቲሊንና ፕሮፒሊን፣ ከእነሱም አዲስ ፕላስቲክ ይገኛል። ፌስታል፣ ጀሪካንና የጠርሙስ ክዳን ለበዛበት ክምር ያለ ጥርጥር ይህ ይሻላል።

ጣጣው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ሲቀላቀል ነው። ቱቦ ከሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ከፒቪሲ፣ ክብደት 57 በመቶ ገደማው ክሎሪን ነው። በ100 ኪሎ ግብዓት ውስጥ 1 ኪሎ የፒቪሲ ቱቦ ሾልኮ ቢገባ 570 ግራም ክሎሪን ገባ ማለት ነው፤ ይህም ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል አሲዳማ ጋዝ ሆኖ የምድጃውን ብረት ይበላል። ስለዚህ ድብልቁን አስቀድሞ 300 ዲግሪ አካባቢ አቆይቶ የሚወጣውን ጋዝ በኖራ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ደግሞ ቤንዞይክና ቴሬፍታሊክ አሲድ ያወጣል። እነዚህ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካቸው ነጭ ዱቄት ሆነው ይረጋሉ፣ መስመሩንም ይደፍናሉ። መለየቱን መዝለል ምድጃውን ደጋግሞ ማስቆም ነው።

ጋዚፊኬሽን ከ800 ዲግሪ በላይ፣ በተመጠነ ኦክስጅንና በውሃ እንፋሎት፣ ክምሩን በዋናነት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ይለውጣል፤ ከእነሱ ሜታኖል ይሠራል። ፔትም ሆነ የተጣበቀ ወረቀት ብዙም አያስቸግሩትም። ክሎሪኑ ግን እዚህም አይጠፋም። አብሮ የሚወጣው ዝፍት መሰል ታርም ካልተወገደ ቱቦ ይዘጋል፣ ካታሊስቱን (የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥነውን ንጥረ ነገር) ያበላሻል። የኦክስጅን ማምረቻና የጋዝ ማጣሪያ ስለሚያስፈልገው ለአነስተኛ ፋብሪካ አያዋጣም።